ለአንድ ፊት የሚበቃ ገንዘብ

ናሆምና ሶልያና ፊታቸውን ያሠሩት በግንቦት፣ የተጋቡት በሰኔ ነው። በዚያ ዘመን አዳማ ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ሽማግሌ ከተላከ፣ ቀን ከተቆረጠና አዳራሽ ከተያዘ በኋላ ሙሽሮቹ ተያይዘው ፊት ወደሚሠራበት ገጽ ቤት ይሄዳሉ፤ ወጪውን ሚዜዎች ያዋጣሉ። ከባድ አልነበረም፤ ለቪዲዮ ከሚከፈለው እንኳ ያንሳል። የእሱ አፍንጫና አገጭ፣ የእሷ ጉንጭና የዓይን ዙሪያ ተስተካከለ፤ የሁለቱም የፊት ቆዳ በአዲስ ተተካ። እብጠቱ እስኪጎድል ድረስ እርስ በርስ እየተያዩ ሲሳሳቁ ሰነበቱና እንደ አዲስ ሳንቲም አብረቅርቀው ተዳሩ።

እንዲህ ያለ ሥራ ለምን ረከሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ፊቱ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ያንንም እንደ ቤት ግብር ለመዱት። የገጽ ዕቁብ ገቡ፤ የመጀመሪያውን እድሳትም፣ ሁለተኛውንም በዕቁቡ ተወጡት። ናሆም የቤት ደላላ ነበር፤ ሶልያና ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው የተሠራውን ፊት የሚያጸናውን ቀዝቃዛ ጭንብል ይለብሳሉ። ጭንብሉን አድርጎ መናገር ስለማይቻል በእጃቸው ያወሩ ነበር፦ ሻዩ ፈልቷል፣ ኬብሮን አልተነሣችም፣ ቁልፉን አንተ ያዝ። ኬብሮን አንድ ልጃቸው ናት። ጎረቤቶቻቸውም በየቤታቸው በዚያው ሰዓት እንዲሁ ዝም ብለው ስለሚቆሙ፣ ሠፈሩ ለጥቂት ጊዜ ሰው የሌለበት ይመስል ነበር። ከዚያ በሮች ይከፈታሉ፤ ከየበሩ የሠላሳ ዓመት ሰው ይወጣል። ከተማው በሙሉ ሠላሳ ዓመቱ ነበር። አባትን ከልጅ የሚለየው አረማመዱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው እድሳት የመጣው ኬብሮን በምትመረቅበት ዓመት ላይ ነው። ሥራ ለመያዝ እሷም የመጀመሪያ ፊቷን መሠራት ነበረባት። ለልጃቸው ሳያንገራግሩ ከፈሉላት። ከዚያ የተረፈውን ይዘው፣ እንዴት እንደሚያብቃቁት ለመጠየቅ ወደ ገጽ ቤቱ ሄዱ።

የተቀበለቻቸው የወጪ አማካሪዋ ሜላት ነበረች። እርጋታዋ የትልቅ ሰው ነው፤ መልኳ እንደማንኛውም ሰው።

"ሰው ሁሉ ሲመጣ የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ" አለች። "እሱ ትንሹ ነው። ማደንዘዣ አለ፣ መድኃኒት አለ፣ እስክታገግሙ ከሥራ የምትቀሩበት አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚቀጥለው እድሳት አለ። እናንተ ደግሞ ሁለታችሁም ዘንድሮ ናችሁ።"

"የያዝነው ለሁለት አይበቃም?" አለ ናሆም።

"ለአንድ ነው የሚበቃው፣ ጋሼ።"

"ስንጋባ እኮ ይሄን ያህል አልነበረም። በነጻ በሉት።"

ሜላት ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ውስጥ ክፋት አልነበረበትም። "ገበያው እንዲህ ነው። በቅሎዋን በስጦታ ይሰጡህና መኖዋን ዕድሜ ልክህን ትገዛለህ።"

"ቢዘገይስ?" ስትል ሶልያና ጠየቀች።

"ጥቂት ወራት ይታገሣል። ከዓመት ካለፈ ግን ይወድቃል። የወደቀ ፊት ደግሞ አይታደስም፤ እንደገና ከሥሩ ነው። እሱ የቤት ዋጋ ያወጣል።"

ወጥተው ከገጽ ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ፈልገው ቆሙ። ሶልያና ነገሩን ውስጥ ሳለች ጨርሳው ኖሯል።

"አንተ ታደስ" አለችው።

"ምን ማለትሽ ነው? አይሆንም።"

"ደላላ ያለ ፊት ምን ይሸጣል? እኔን ሁለተኛ ክፍሎች ምን ይሉኛል? ልጆች እኮ ናቸው።"

"አይሆንም አልኩሽ፣ ሶሊ።"

"ከርሞ የምናገኘው ገንዘብ መጀመሪያ ለእኔ ይሆናል። ምን ችግር አለው?"

ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው ዝም አለ፤ ዝምታውን እሷ እሺታ አደረገችለት። ያን ጊዜ ደረቱ ውስጥ የተሰማው ነገር እፎይታ መሆኑን ናሆም አውቆታል። አውቆም ሌላ ስም ሰጠው፤ ለቤተሰቡ ማሰብ ነው አለ።

በከርሞው የቤት ገበያ ሞተ። መንግሥት የሊዝ ደንብ ለወጠና ገዢም ሻጭም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ናሆም በአዲስ ፊቱ ባዶ ቢሮ እየገባ ባዶ ቢሮ እየወጣ ወራቱ አለፉ። ሶልያና አንድ ቀን እንኳ አላስታወሰችውም።

ፊቷ መውደቅ የጀመረው ከዓይኗ ሥር ነው። ከዚያ ወደ ጉንጯ፣ ከዚያ ወደ አንገቷ ወረደ። ዕድሜዋ ላይ ደርሶ ቢቆም ደህና ነበር፤ እሱ ግን ዕድሜዋን አልፎ ሄደ። ገና ሃምሳ ያልሞላት ሴት በአንድ ክረምት ሰባ ዓመት የሆናት መሰለች። መጀመሪያ ያላወቃት ፊት አይቶ የሚከፍተው የገዛ ቤቷ በር ነው። ከገበያ ስትመለስ አልከፍትም ብሏት፣ ናሆም ከሥራ ሲመጣ ደረጃው ላይ ዘንቢሏን ታቅፋ ተቀምጣ አገኛት። "ቤታችን ረሳኝ" ብላ ሳቀች። ባንኩም ረሳት። ቀበሌ ሄዳ "ፊቱ የወደቀ" ተብላ እንደገና እስክትመዘገብ ድረስ፣ ዳቦ እንኳ የምትገዛው ናሆም ፊቱን እየሰጠላት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ክፉ ቃል አልተናገራትም። ልጆቹ ግን እንዲህ ያለ ፊት አይተው አያውቁም ነበር። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዷ ያማት እንደሆነ ጠይቃ ከምሳ ዕቃዋ ብርቱካን ሰጠቻት። ወላጆች ስልክ ደወሉ። ርዕሰ መምህሯ ሶልያናን ጠርታ ቡና ጋበዘቻትና ከዚያ ወዲያ ቤቷ ሆና ፈተና ብታወጣ እንደሚሻል ነገረቻት። እንደ ሶልያና ያሉትን መንገደኛው "ጥሬ" ይላቸው ነበር፤ ያልበሰለ ለማለት። እሷ ስድቡን ሰምታ ዘወር አትልም። ናሆም ነው ዘወር የሚለው፤ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው።

ገበያው ከሁለት ዓመት በኋላ ነፍስ ሲዘራ፣ ባሮክ የሚባል ባለሀብት ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ብዙ ቤት ሠራ። ናሆም ከእነዚያ ውስጥ ጥቂቶቹን ሸጠለት። ባሮክም የምረቃው ዕለት ደላሎቹን ከነባለቤቶቻቸው ምሳ ጠራ። ናሆም፣ ሶልያና ራሷ "ይቅርብኝ" ትላለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ጥሪውን ስትሰማ ደስ አላት፤ ሐይቅ ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። አረንጓዴ ቀሚሷን ለበሰች፤ የጠለፈችውን ነጠላ ደረበች። መንገድ ላይ ስለ ቢሾፍቱ የልጅነት ሽርሽሮቿ እያወራችለት ሄደች።

ወደ ዳሱ ሲገቡ ባሮክ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"ኖር፣ እማማ!"

ጠረጴዛው ሁሉ ተከትሎት ተነሣ። ያንን ቃል ናሆም ከሰማ ዘመን አልፎታል፤ ሁሉም ሠላሳ ዓመት በሆነበት አገር ማን ለማን ይነሣል? ሶልያና ደንግጣ ቆመች፤ ከዚያ መልሱ ትዝ አላት።

"በእግዜር" አለች።

ባሮክ ወንበር ሳበላትና ወደ ናሆም ዞረ። ፊቱ በአክብሮት በርቷል። "እናትህ ናቸው?"

አጠገባቸው ዐሥር ያህል ሰዎች ቆመዋል። ሁሉም ያምራሉ። ሁሉም ያያሉ።

"አዎ" አለ ናሆም። "እናቴ ናት።"

ሶልያና አየችው። ብዙም አልቆየችበት። ከዚያ ወደ ባሮክ ዞራ "ልጄን አደራ። ሥራውን ይወዳል" አለች፤ ድምፅዋ ቅንጣት አልተዛነፈም። ምሳው ሲያልቅ ባሮክ ቤቱን እንድትመርቅለት ለመናት፤ ሽማግሌ አግኝቶ ቤት ማስመረቅ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ቆመች። መዳፎቿን ዘረጋች።

"ቤቱን የሰላም፣ ጓዳውን የበረከት ያድርግላችሁ። መውጫ መግቢያችሁን ይባርክላችሁ። ለሽበት ያብቃችሁ።"

የመጨረሻው ምርቃት ላይ አንዳንዱ ሳቀ። ኋላ ግን ሁሉም "አሜን" አሉ። ናሆምም አለ።

ሲመለሱ መኪናው ራሱን ይነዳ ስለነበር፣ ናሆም መንገድ እያየሁ ነው ብሎ የሚያመካኝበት መሪ እንኳ አልነበረውም። ሞጆ ሲደርሱ አፉን ከፈተ።

"ሶሊ…"

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች በመስኮት እያየች። "አስበህ ነው ያልከው ወይስ አምልጦህ?"

"አምልጦኝ ነው። እግዜር ያውቃል፣ አምልጦኝ ነው።"

"አስበህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው አስቦ ላደረገው ነገር ምክንያት አያጣም። የሚያመልጥ ነገር ግን ቀድሞም ውስጥ የነበረ ነው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ናሆም ለመካስ ተነሣ። እንደ እብድ ሠራ። ሜላትን ደጋግሞ አማከረ፤ እሷም ከሥሩ የሚሠራው ምን እንደሚያስከፍል፣ ምኑ በአንዴ ምኑ በየወሩ እንደሚከፈል፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ዕድሜ ልክ ምን እንደሚከተል አንድ በአንድ አስረዳችው። ከዚህ የሚሻል አላገኘምና የገዛ ቤታቸውን ለሽያጭ አቀረበ። ለሌሎች ሰዎች ቤት ገዢ ሲፈልግ የኖረ ሰው ለራሱ በሳምንት ውስጥ አገኘ። በደስታ እየተጣደፈ መጥቶ ነገራት።

ሶልያና ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ለማን ነው የምታሠራው?"

"ላንቺ ነዋ!"

"እኔ ጠይቄሃለሁ?" አለች። "እናቴ ስትሞት ፊቷ የሠላሳ ዓመት ነበር። ሳስባት ብውል የማስታውሰው የገጽ ቤቱን ሥራ እንጂ እሷን አይደለም። ይሄን ፊት መስታወት ላይ ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ አሁን ግን እየለመድኩት ነው። ደግሞ እንደ አዲስ እንግዳ አታድርገኝ።"

"እንዴት ልክስሽ ታዲያ?"

"ልትክሰኝ ከፈለግክ አትሽጥ። የሚቀጥለው እድሳትህ ሲደርስ ግን አትሂድ። ይውደቅ። አብረን ስንሄድ ሰው ባልና ሚስት ይበለን።"

"እሺ" አለ። "ቃሌ ነው።"

ሲናገር እውነቱን ነበር። ቤቱ ሳይሸጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት፣ ኋላ ቁጭ ብሎ ሲያስባቸው፣ ከትዳራቸው ዘመን ሁሉ የተሻሉት ነበሩ። ሶልያና የጎረቤት ልጆችን ቤቷ እየጠራች ማስጠናት ጀመረች፤ ልጆቹ ጥቂት ቀን ፈርተው ኋላ ረሱት። ናሆም ደግሞ አንድ ልማድ አወጣ፤ ወሬ እያወራላት ፊቷን ማየት። ልትስቅ ስትል መጀመሪያ የግራ ቅንድቧ ይነሣል። ሲያሰለቻት የአፏ ጫፍ ይወርዳል። ነገር ሳትነግረው በፊት ያውቅባት ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አብሯት ኖሮ ይህን አለማየቱ ገርሞታል።

የእድሳቱ ጊዜ ሲቃረብ ባሮክ አስጠራው። በዚያ ጊዜ ባሮክ ሐይቁን ዙሪያውን ገዝቶ ከተማ ሊሠራበት ነበር።

"የሽያጩን ኃላፊነት ላንተ ነው ያሰብኩት" አለው። ከዚያ ሻዩን እያማሰለ "እድሳትህ መቼ ነው?" ሲል ጨመረ፤ ሌላ ምንም አላለም።

ናሆም አፉን ሲከፍት ለሶልያና የገባውን ቃል ሊናገር ነበር። የወጣው ግን "በዚህ ወር ነው" የሚል ሆነ።

ለሚስቱ ለሥራ ሐዋሳ እንደሚሄድ ነገራት። ሁለት ሳምንት ገጽ ቤቱ ማገገሚያ ተኛ፤ ከቤቱ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። የተሠራለት አዲሱ ዓይነት ነው፤ "የረጋ ገጽ" ይሉታል። ለነጋዴና ለደላላ ተብሎ የወጣ ሲሆን፣ ገዢ የፈለገውን ያህል ዋጋ ቢሰብር ሻጩ ላይ ምንም አይነበብም። ዋጋው ከበድ ይላል፤ ነገር ግን ከደመወዙ ላይ በየወሩ እንዲቆረጥ ባሮክ ራሱ አመቻቸለት።

ቤት ሲደርስ ቀትር ነበር። ሶልያና በሩን ከፈተችለት፤ እጇን ዘርግታ በጣቶቿ ግንባሩን ዳበሰችው፣ ከዚያ ጉንጩን። ማየቱ አልበቃት ብሎ ይሁን ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ይሁን አላወቀም።

"መቼ ልትነግረኝ ነበር?" አለች።

"ዛሬ።"

"እሺ። ግባ፤ ምሳ ቀርቧል።"

አልተጣሉም። ሽሮውን በሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ልብሷን በሁለት ሻንጣ አድርጋ አሰላ እህቷ ሚልካ ዘንድ ሄደች። ናሆም ሻንጣዎቹን እስከ መኪናው ተሸክሞ ሸኛት፤ እንዳትሄጂ ለማለት ምን መብት እንዳለው አላወቀምና አላላትም። ማታ ኬብሮን ደወለችለት። "አባዬ፣ አትጨነቅ። እኔም አንተን ብሆን እታደስ ነበር" አለችው። ሊያጽናናው ፈልጋ ነው። ከሁሉ የጎዳው ያ ሆነ።

የባሮክ ከተማ ተሸጠ፤ ናሆምም ጥሩ ሸጠ። ቤቱ እየገባ የሚያወራው ሲያጣ፣ ጭንብሉን ለብሶ ቆሞ እጆቹ ለማንም ያልሆነ ነገር ሲናገሩ ይደርስባቸው ጀመር። ከዓመት በላይ እንዲህ ቆየ። በአንድ እሑድ አሰላ ሄደ።

ሶልያናና ሚልካ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሚልካም እድሳቷን ከተወች ሰነበተች። ሁለቱ አሮጊቶች በሆነ ነገር እየሳቁ ነበር፤ ሳቃቸው ከግንባራቸው ጀምሮ አንገታቸው ድረስ ይደርሳል። ሚልካ ናሆምን ስታየው ሰላምታ ሰጠችውና "ውሃ ላምጣ" ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ቶሎ አልተመለሰችም።

"ወደ ቤት ነይ ልትለኝ ከሆነ አልመጣም" አለች ሶልያና። "እዚህ ትምህርት ቤት ክፍል ሰጥተውኛል። ልጆቹ አይፈሩኝም።"

"ለዚያ አይደለም የመጣሁት።"

"ለምን መጣህ ታዲያ?"

"አጥፍቻለሁ፣ ሶሊ። ላጠፋሁት ሁሉ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።"

ሶልያና ቀና ብላ አየችው። ለረጅም ጊዜ ፊቱን ፈለገችበት፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አፉን። ናሆም ማልቀስ ፈለገ። እንባው ግን አልወረደም፤ የረጋው ገጽ እንዲያ እንዲሆን አልተሠራም።

"ምን ልበልህ" አለች በመጨረሻ። "ድምፅህ እየተንቀጠቀጠ ነው። ፊትህ ግን ቤት እየሸጠልኝ ነው።"

ናሆም በሁለት እጁ ፊቱን ያዘ። በጣቶቹ ግንባሩን ሊያጨማድድ ሞከረ፤ የከንፈሩን ዳር ወደ ታች ጎተተ። ቆዳው እየተንሸራተተ ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ሌላ የለኝም" አለ።

"አውቃለሁ።"

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንሥታ መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ዓይኖቿንም ጨፈነች።

"በል ንገረኝ" አለች። "እንዲህ ሆኜ እሰማሃለሁ።"

ነገራት። ከገጽ ቤቱ አጥር ሥር ዝም ብሎ የተቀበላትን እፎይታ፣ በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ ሦስት እርምጃ ቀድሟት እንደሄደ፣ ባሮክ ፊት አፉ ያወጣውን፣ ሐዋሳ ነው ብሎ የዋሻት ቦታ ከመታጠቢያ ቤታቸው መስኮት ይታይ እንደነበር። ምክንያት አልጨመረበትም። ሲናገር ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም፤ የግራ ቅንድቧ ተንቀጠቀጠ፣ ግንባሯ ተቋጠረ፣ የአፏ ጫፍ ወረደ፣ በጉንጯ መስመር ላይ አንድ ዘለላ እንባ መንገድ ፈልጎ ወረደ። ናሆም በራሱ ፊት ላይ ሊታይ ይገባው የነበረው ሁሉ በእሷ ፊት ላይ ሲያልፍ አየ።